ኮራሉ የሚታመመው ሌሊት ነው

(አራት ኪሎ አካባቢ፣ የጨው ውሃ ገንዳ ላላቸውና ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሁሉ በፊት ይህን ነጭ ነገር እየተቀባበላችሁ እዩልኝ። ጠንካራ ነው፣ ግን ጠርዙ ይቆርጣልና ጣታችሁን ጠብቁ። አናቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ክብ አለ፤ ከመሐሉ ወደ ዳር የሚሄዱ እንደ ወረቀት የቀጠኑ ግድግዳዎች ተደርድረውበታል። ይህን ሁሉ የሠራው የቡና ስኒ መቀመጫ የሚያህል ለስላሳ እንስሳ ነው። ካልሲየምና ካርቦኔት ከውሃው እየለቀመ፣ ከሥሩ ድንጋይ እየጣለ፣ ራሱ ከላይ እየተቀመጠ። ቤቴ ሁለት ዓመት ከኖረ በኋላ በ2014 ታኅሣሥ ወር ሞተ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱና አብረውት ከአንድ ግንድ ስለበቀሉት ሁለት ወንድሞቹ ነው።

እንዲህ ያለ ድንጋይ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አባቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ሲያገለግል ያመጣው አንድ ቁራጭ ቡፌያችን ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ተቀምጦ እናቴ በየቅዳሜው አቧራውን ትጠርገው ነበር። እንስሳ እንደነበረ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ምጽዋን ያያችሁ ታስታውሱ ይሆናል፣ የአሮጌዋ ከተማ ቤቶች ግድግዳ ራሱ የኮራል ድንጋይ ነው። እኔ ግን ሕይወት ያለው ኮራል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው። ያን ቀን ቡፌው ላይ የነበረው ድንጋይ ትዝ ብሎኝ ለረጅም ጊዜ ከመስታወቱ ፊት መንቀሳቀስ አቃተኝ።

ኮራል ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁ አላረዝመውም። አፍ አለው፣ ሆድ አለው፣ በአፉ ዙሪያ የሚናደፉ ጣቶች አሉት። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እኔ ደባሎች እላቸዋለሁ፤ የቤት ኪራያቸውን በምግብ የሚከፍሉ ደባሎች ናቸው። ቀን በብርሃን ስኳር ይሠሩና አብዛኛውን ለባለቤቱ ይሰጡታል፤ እሱም ከሰውነቱ የሚወጣውን ናይትሮጅንና መጠጊያ ይሰጣቸዋል። ባለቤቱ ሲጨነቅ ደባሎቹን ያስወጣል፤ ቀለሙም አብሯቸው ይሄዳል። ነጣ የምንለው ይህንን ነው። የነጣ ኮራል የሞተ ኮራል አይደለም። በማጉያ መነጽር ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ነጩን አጽም የሸፈነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሥጋ ታገኛላችሁ። ሥጋው ካለ ተስፋ አለ። አጽሙ ባዶ ሆኖ አረንጓዴ አልጌ ከበቀለበት ግን፣ ያ ቦታ የሞተ ነው።

የእኔ ኮራል መዶሻ ኮራል የሚባለው ነው፤ የጣቶቹ ጫፍ እንደ መዶሻ አናት ጠፍጠፍ ስለሚል ነው ስሙ። ከአገር ሊወጣ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ ሰው፣ ሦስት ራስ ያለውን አንድ ግንድ ከነገንዳው ገዛሁት። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ በመጥፋት ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይቲስ በሚባለው፣ ሁለተኛ አባሪ ውስጥ የተመዘገቡ ናቸው። ከውጭ ለማስመጣት የምታስቡ ከሆነ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ። በሻንጣ ተደብቆ የመጣ ኮራል እዚህ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሬሳ ነው፤ አታበረታቱት።

ገንዳዬ 180 ሊትር ይባላል፤ ድንጋዩና አሸዋው ሲቀነስ ግን ውሃው 150 ቢሆን ነው። የምኖረው ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ዓመት መልካም ኖረ። በ2014 ኅዳር መጀመሪያ ላይ ጣቶቹ ማጠር ጀመሩ። ቀድሞ በውሃው ሞገድ እንደ ጤፍ ማሳ ይዘናፈል የነበረው፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እንኳ ግማሹን ብቻ ወጥቶ ይቆማል። በሁለተኛው ሳምንት ሥጋው ከአጽሙ ጠርዝ ወደ ላይ መሸሽ ጀመረ፤ ከሥጋው በታች ነጭ ቀለበት ታየ።

ያኔ ያደረግሁትን በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ እናንተም ይህንኑ እያደረጋችሁ እንደሆነ ስለምገምት። ብርሃኑ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ከላይ ወደ ታች አወረድኩት። በሦስተኛው ቀን አንሶት ይሆናል ብዬ መልሼ አወጣሁት። የማዕድን ፈሳሽ ጨመርኩ። ሲሶውን ውሃ በአንድ ቀን ቀየርኩ። ያነበብኩት ምክር ሁሉ ሙቀትን ፍራ፣ ውሃው ከ28 ዲግሪ እንዳያልፍ ማቀዝቀዣ ግዛ የሚል ስለነበር ማራገቢያ ገጠምኩለት። በአሥር ቀን ውስጥ አምስት ነገር ቀይሬበት ነበር። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ጤነኛ ኮራል እንኳ ለመልመድ ሁለት ሦስት ሳምንት የሚፈልግበት ነው። አንዱ ራስ ሙሉ በሙሉ ተራቆተ።

መልሱ የመጣው ከአክስቴ ነው። ያን ሰሞን እኛ ዘንድ ነበረች። ጊዮርጊስ ለኪዳን ስለምትሄድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ትነሣለች፤ እንዳትቀሰቅሰን መብራት ሳታበራ በእጅ ባትሪ ነው ነጠላዋን የምትፈልገው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁርስ ላይ፣ «ልጄ፣ እነዚያ ዓሣዎችህ ሌሊት ሌሊት አፋቸውን ከውሃው አውጥተው ያዛጋሉ። አይተኙም እንዴ?» አለችኝ።

መዶሻ ኮራል ሌሊት መሰብሰቡ ልማዱ ነው፤ እሱን ብቻ ብትነግረኝ አልደነግጥም ነበር። ዓሣ ከውሃ ጫፍ ላይ አፉን ሲከፍት ግን ልማድ አይደለም፤ አየር አጥሮታል ማለት ነው። ያን ሌሊት ወንበር ስቤ ከገንዳው ፊት ተቀመጥኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱ ሲጠፋ ውሃው 25.4 ዲግሪ ነበር። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ 23.4 ሆነ። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ 21.7። ጠዋት ጸሐይ ስትወጣና መብራቱ ሲበራ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ማታ ከሥራ ተመልሼ ስለካው እንደተለመደው 25 ዲግሪ ሆኖ ይጠብቀኛል። ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ወደ አራት ዲግሪ እየወረደ፣ እየወጣ ነበር፤ እኔ የማውቀው ግን የማታውን ብቻ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ከገንዳው ጀርባ መንበርከክ ነበረብኝ። በጥቅምት ወር ሳጸዳ የነቀልኳቸውን ገመዶች ስመልስ፣ ማሞቂያውንና የውሃውን ፊት የሚያናውጠውን ፓምፕ በስሕተት መብራቱ ያለበት፣ በሰዓት ቆጣሪ የሚዘጋ ማከፋፈያ ላይ ሰክቻቸው ነበር። መብራቱ ሲጠፋ ሙቀቱም ሞገዱም አብረው ይጠፋሉ። ሁለት ገመድ ነቅዬ ሌላ ሶኬት ላይ ሰካሁ። አሥር ቀን ሙሉ በመድኃኒት የፈለግሁት ነገር ይህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኮራሌ ታመመ ብሎ የሚደውልልኝን ሰው የማስቀድመው ጥያቄ አንድ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ምን ልጨምርበት?» አለኝ። «መቼ መቼ ነው የምታየው?» አልኩት። «ከሥራ ስመለስ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ» አለኝ። እሱ የሚያየው ገንዳው ከቀኑ ሁሉ የሚሻለውን ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ አልጌው ኦክስጅን ሲሠራ ውሏል፣ ክፍሉ ሞቋል፣ ፒኤች (ዝቅ ሲል ውሃው ወደ አሲድነት ማዘንበሉን የሚያሳየው ልኬት) ከፍ ብሏል። እንደ በሽተኛ ልብሱን ለብሶ፣ ፊቱን ታጥቦ ሐኪም ፊት የቀረበ ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ እዩት።

ይህ በየትኛውም አገር ያለ ገንዳ ላይ እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን እጥፍ እውነት ነው። የምናነበው ምክር ከባሕር ወለል እኩል ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። እኛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚፈላው፣ ሽንብራችንም ከእሳት ላይ አልወርድ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ኦክስጅንም ወደ ውሃ የሚገባው በግፊት ስለሆነ፣ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ወደብ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ሲይዝ፣ ያው ውሃ ፒያሳ ላይ የሚችለውን ሁሉ ቢጠጣ 5 ሚሊ ግራም ቢይዝ ነው። ከዚያ በላይ ቦታ የለውም። ሌሊት ደግሞ ኦክስጅን የሚሠራ የለም፤ ዓሣው፣ ኮራሉ፣ አልጌው፣ አሸዋው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁሉም ይተነፍሳል። ወደብ ላይ ያለ ሰው ሌሊቱን የሚያሳልፍበት ትርፍ አለው፤ እኛ ትርፋችንን ገና ከመጀመሪያው ተቀንሰናል።

ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ የውሃው ፊት ሌሊት መናወጥ አለበት። አንዱን ፓምፕ ወደ ላይ አዙሩት፤ የውሃው ፊት ላይ ብርሃን ሲያርፍ የሚንቀጠቀጥ ጥላ አሸዋው ላይ ካያችሁ በቂ ነው። ገንዳውን በመስታወት ክዳን አትድፈኑት፤ ዓሣ እንዳይዘልላችሁ መረብ ይበቃዋል። የዓሣውን ብዛት ከመጽሐፉ ቀንሱ። ቦታ ካላችሁ ከሥር ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቂት አልጌ አሳድጉና መብራቱን ሌሊት አብሩለት፤ ዋናው ገንዳ ሲተኛ እሱ ኦክስጅን ይሠራል፣ ፒኤችም እንዳይወርድ ይረዳል።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ብርድ ታውቁታላችሁ። በፎቅ ቤት እንኳ ንጋት ላይ ክፍሉ 15 ዲግሪ ይሆናል። ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ግን አንድ ትልቅ ማሞቂያ ከመግዛት ሁለት ትናንሾችን ግዙ። ማሞቂያ ሲበላሽ ወይ አልሞቅ ይላል ወይ አልጠፋ ይላል። ትልቁ አልጠፋ ካለ በአንድ ሌሊት ሁሉንም ይቀቅለዋል፤ ትንሹ ለብቻው ያን ያህል አቅም የለውም። ከውጭ የሚቆጣጠራቸው ቴርሞስታት ብታስገቡ ደግሞ እንቅልፍ ይኖራችኋል። 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ያዙት፤ የትኛውንም ብትመርጡ ሌሊትና ቀን እዚያው ይቆይ።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ለሙቀቱ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን አየር፣ ከዚያ ሙቀት፣ ብርሃን ደግሞ በጣም ቆይቶ ነው። ኮራል ሁለት ሦስት ቀን ጨለማ ውስጥ ቢያድር አይሞትም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገንዳው አጠገብ ሁልጊዜ ይኑር። እሱም ከሌለ፣ በየሩብ ሰዓቱ በጣሳ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱት፤ የሚወርደው ውሃ አየር ይዞ ይገባል። እኔ አንድ ሌሊት እንዲህ ሳደርግ ነግቷል፣ ክንዴ ዝሎ እንጂ አንድም ዓሣ አልሞተብኝም። ለሙቀቱ ገንዳውን በሦስት ጎኑ በጋቢ ጠቅልሉት፣ ላዩን ክፍት ተዉት። በተለምዶ ሃይላንድ የምንላቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳናቸውን አጥብቃችሁ አንሳፉበት። በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ አታሙቁት። የቀዘቀዘ ኮራል በፍጥነት ሲሞቅ ከብርዱ ይልቅ ሙቀቱ ይጎዳዋል።

ወደ ታመመው ኮራሌ ልመለስ። ገመዱን ካስተካከልኩ በኋላ ለሦስት ሳምንት እጄን ወደ ገንዳው ላለማስገባት ወሰንኩ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ንጋትና ማታ ሙቀት፣ የጨው መጠንና አልካሊኒቲ እየለካሁ ደብተር ላይ ከመጻፍ በቀር በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አላደረግሁም። ደብተሩ ከሳምንት በኋላ ሌላ ነገር አሳየኝ። አልካሊኒቲው 6.4 ዲግሪ ነበር (የሙቀት ዲግሪ አይደለም፣ የራሱ መለኪያ ነው)፤ ከ8 ትንሽ ከፍ ቢል እመርጣለሁ። አልካሊኒቲ ማለት ኮራሉ አጽም የሚሠራበት ካርቦኔት በውሃው ውስጥ ያለው ክምችት ነው። ከካልሲየሙ ጋር በተወሰነ መጠን ነው የሚያልቀው፤ ኮራል ከአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ግራም ካልሲየም ሲወስድ 2.8 ዲግሪ አልካሊኒቲ አብሮ ይወስዳል። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም ከ1,250 እስከ 1,350 ሚሊ ግራም በሊትር ካላችሁ በእነሱ አትጨነቁ። ቶሎ የሚናወጠው አልካሊኒቲ ነው።

መድኃኒቱ ወጥ ቤት ውስጥ አለ፤ ቤኪንግ ሶዳ። 100 ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 3 ግራም ይበቃል። በተጣራ ውሃ አሟሙታችሁ፣ ሞገድ ባለበት ቦታ በዝግታ ጨምሩት። ጤነኛ ገንዳ ላይ በቀን ከአንድ ዲግሪ፣ የታመመ ኮራል ባለበት ከግማሽ ዲግሪ አትለፉ። እኔ በቀን ከ2 ግራም ጥቂት ከፍ ባለ መጠን ወደ አራት ቀን ገደማ ወስዶብኝ 8 አደረስኩት። ሱቅ ስትልኩ ቤኪንግ ፓውደር እንዳያመጡላችሁ አጥብቃችሁ ንገሩ። ስማቸው ስለሚቀራረብ ባለሱቁም ይሳሳታል። ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች አለበት፤ ገንዳውን ያበላሻል።

ስለ ጨው ብዙ ጊዜ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ከውጭ የሚመጣው የገንዳ ጨው ውድ ስለሆነ፣ የአፋርን ጨው ለምን አንጠቀምም? እሱም እኮ የባሕር ጨው ነው ይሉኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው። እውነትም ከባሕር የመጣ ነው፤ የዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ ቀይ ባሕር ወደ ደንከል ረባዳ ገብቶ ነበር፣ በዚያ ዘመን የኖሩ ኮራሎች አጽም ዛሬም በረባዳው ዳርቻ ቆሟል። ባሕር የለንም ስንል የሚከነክነኝ ለዚህ ነው፤ የራሳችን የኮራል አጸድ አለን፣ የደረቀ ሆኖ እንጂ። ነገር ግን ባሕር ሲደርቅ ጨዎቹ ሁሉ አንድ ላይ አይረጉም። መጀመሪያ ካርቦኔቱ ይዘቅጣል፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ቀጥሎ የምንበላው ጨው፣ መጨረሻ ላይ ዳሎል የሚታወቅበት የፖታሽና የማግኒዥየም ጨው። አሞሌ ሆኖ የሚጠረበው ከእነዚህ መካከል አንዱ ብቻ ነው። ኮራሉ ካልሲየሙንም፣ ማግኒዥየሙንም፣ ፖታሲየሙንም፣ ሰልፌቱንም በአንድ ላይ ይፈልጋል። አሞሌ በውሃ በጥብጣችሁ ብትጨምሩ የጨው መለኪያው የባሕር ውሃ ልክ የሆነውን 35 ይላችኋል፤ ኮራሉ ግን በዚያ ውሃ ውስጥ ይሞታል። ወጪ መቀነስ ከፈለጋችሁ ገንዳውን አሳንሱ እንጂ ጨዉን አትለውጡ።

መለኪያችሁንም እመኑት፣ ግን ፈትኑት። በብርሃን የሚያሳየውን ሪፍራክቶሜትር በተጣራ ውሃ ዜሮ ላይ ብቻ ሳይሆን 35 መሆኑ በተረጋገጠ ፈሳሽ አስተካክሉት። በበጋ አየራችን ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ ይቀራል። የጎደለውን በየቀኑ በጨው አልባ ውሃ ሙሉት። የቧንቧ ውሃችን ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው የሚመጣው፤ ፈረቃ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደው ምን ያህል እንደሚደፈርስ ታውቃላችሁ። ሮቶ ውስጥ ማሳደሩ ክሎሪኑን ሊቀንስ ይችላል፣ የሟሟውን ሁሉ ግን አያወጣም። በማጣሪያ አሳልፉት፣ የሟሙ ነገሮች መለኪያው ዜሮ እስኪል። ከማጣሪያው የሚጣለው ውሃ ለልብስና ለወለል ይሆናል።

ቡና ኮራል ይገድላል ወይ ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። አይገድልም። ነገሩ ግን ከንቱ አይደለም። ከገንዳው ጋር በአንድ ክፍል፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ከከሰል ምድጃ ላይ አቦል ተብሎ እስከ በረካ ሲዘልቅ፣ ክፍሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል። አረፋ የሚያወጣው ማጣሪያ ያንን አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ያስገባዋል። እኔ ቤት ከቡናው በፊት 8.1 የነበረው ፒኤች ከበረካ በኋላ 7.8 ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንድ ቀን ምንም አይደለም፤ በየቀኑ ከሆነ ግን አጽም መሥራቱን ያዘገየዋል፣ ለታመመ ደግሞ ሸክም ነው። የማጣሪያውን የአየር ቱቦ ጫፍ በመስኮት ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ቡናውም ቀጠለ። መስኮቱ ለእናንተም መከፈት አለበት፣ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላልና። ከዕጣኑ ይልቅ የምፈራው የነፍሳት መርጪያውንና በረኪናውን ነው። ከገንዳው ክፍል አርቋቸው። እጃችሁን ስታስገቡም ሳሙናና ቅባት አይኑርበት።

የውሃው ንጽሕና ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከዓሣ ቆሻሻና ከምግብ ትራፊ የሚመጡትን ናይትሬትና ፎስፌትን ዜሮ ለማድረግ የምትታገሉ ሰዎች ገንዳችሁ ያምራል፣ ኮራላችሁ ግን ተርቧል። በ2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ናይትሬት በዝቶ ፎስፌት ሲጠፋ ኮራል ለመንጣት ይጋለጣል። ናይትሬቱ ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌቱ ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር ቢሆን እወዳለሁ። ምግቡን በተመለከተ ጣቶቹ ሲወጡ ብቻ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ጨው ያልነካው በጣም የደቀቀ ሽሪምፕ፣ ፓምፑን አሥር ደቂቃ ዘግታችሁ። አፉ ተበርግዶ የቀረ ኮራል አይበላም፤ የሰጣችሁት ይበሰብስበታል።

እስካሁን ታገሡ፣ እጃችሁን ሰብስቡ ስላችሁ ቆየሁ። አሁን የምናገረው የዚህ ተቃራኒ ስለሆነ አዳምጡኝ። ሥጋው ላይ ቡናማ፣ እንደ ተልባ የተዝለገለገ ነገር ካያችሁ፣ ነገ የሚባል ነገር የለም። ይህ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት የተሞላ ነው፣ ሥጋውን እየበላ ነው፣ ሌሊቱን አንዱን ራስ ጨርሶ ወደ ሌላው ይሻገራል። ፓምፖቹን ዝጉ፣ ወደ ሌሎች እንዳይበተን። ዝልግልጉን በሲሪንጅ ምጠጡት። ኮራሉን አውጥታችሁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ አጽዱት። ግንዱ ቅርንጫፍ ያለው ዓይነት ከሆነ፣ የታመመውን ራስ ከሥጋው ብዙ ዝቅ ብላችሁ አጽሙ ላይ ቁረጡት። እንደ ግድግዳ የተያያዘ ዓይነት ከሆነ መቁረጡ ሥጋውን ይሰነጥቀዋልና እጅግ ተጠንቀቁ። ቀሪውን ለኮራል በተዘጋጀ አዮዲን፣ መለያው በሚለው መጠን ንከሩት። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ገንዳው አይመለስም። ቀስ ብሎ ለሚያፈገፍግ ኮራል ሦስት ሳምንት ስጡት፤ ለዚህኛው ግን አንድ ሰዓት አትስጡት። ሁለቱን መለየት ከቻላችሁ ከጥሩ ጠባቂ የሚፈለገውን ግማሹን ይዛችኋል ብዬ አምናለሁ።

የእኔው ሁለተኛው ራስ ገመዱ ከተስተካከለም በኋላ ሊተርፍ አልቻለም፤ በጥር መጨረሻ ሥጋው አለቀ። ሦስተኛው በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ጣቶቹን አወጣ። እኔ አልነበርኩም፤ አክስቴ ናት ያየችው። ሥራ ቦታ ድረስ ደውላ፣ «ያ አበባህ ፈካ» አለችኝ። በመጋቢት ወር የቀድሞ ርዝመቱን መልሷል።

እናንተ እጅ ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው። በሞተ በሁለተኛው ሳምንት ግንዱን ቆርጬ አወጣሁት፣ አጥቤ ጸሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ከአባቴ ድንጋይ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሁለተኛውን ያላወጣሁት ጊዜ ስላጣሁ ብቻ ነው፤ ከድንጋዩ ጀርባ፣ ብርሃኑ ለስለስ ባለበት ዞር አድርጌ ተውኩት። አልጌ ለበሰ፣ ረሳሁት። በነሐሴ፣ በሰባተኛው ወር ማለት ነው፣ መስታወት ሳጸዳ ከግንዱ ጎን፣ ከአናቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣ የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር አየሁ። በማጉያ መነጽር ሳያት አፍ ነበራት፣ በአፏ ዙሪያም ስድስት ይሁን ስምንት አጫጭር ጣቶች። አናቱ ሲሞት ከግንዱ ጎን በዓይን የማይታይ ሥጋ ተርፎ ኖሯል። አሁን ከዚያው ግንድ ላይ አራት ሆነዋል፤ ትልቋ ይህ የያዛችሁት ክብ ግማሽ ታህላለች። እባካችሁ አጽሙን ቶሎ አታውጡት። በእጃችሁ ያለውን ግን አሁን ወደ ፊት አቀብሉኝ፤ መለኪያ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ ቅረቡ፣ አንድ በአንድ በ35ቱ ፈሳሽ እናስተካክላቸዋለን።